በየቤታችን ያሉ የሙዚቃ ሸክላዎችን ስለማጽዳትና ስለመያዝ፦ ለባለቤቶች የቀረበ ማሳሰቢያ

የበዓል ዋዜማ ቤት ሲጸዳ ከአልጋ ሥር ወይም ከቁምሳጥን ላይ የሚወርዱ ካርቶኖች አሉ። ከውስጣቸው የአባት ወይም የአያት ሸክላዎች ይወጣሉ። ብዙ ጊዜ ዕጣቸው ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ በኦሞ ታጥበው ፀሐይ ላይ ይሰጣሉ፣ ወይ «ማጫወቻው እኮ ከተበላሸ ቆየ» ተብሎ ለቁራሌው ይሸጣሉ። ይህን ማሳሰቢያ የጻፍኩት ሁለቱም እንዳይሆኑ ነው።

ጉዳዩ ከአንድ ቤት ንብረት ያልፋል። በንጉሡ ዘመን ሸክላ የማሳተም መብት በዐዋጅ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ነበር። ወጣቱ አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 ያን ደፍሮ አምሃ ሬከርድስን አቋቋመ። ዓሊ ታንጎ በሚል ስም የሚታወቀው ዓሊ አብደላ ካይፋም በካይፋ ሬከርድስ ተከተለ፤ ፊሊፕስም የራሱን አሳተመ። ሸክላዎቹ የሚታተሙት እዚህ አልነበረም፤ የአምሃ ሥራዎች መጀመሪያ ሕንድ፣ በኋላም ሊባኖስ ታትመው ነው የመጡት። ከዐሥር ዓመት ላልበለጠ ጊዜ ይህ ሲሆን ቆየና በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ካሴት ቦታውን ወሰደው። በዚያች አጭር ጊዜ ከታተሙት ዘፈኖች በካሴትና በሲዲ እንደገና የወጡ ብዙ ናቸው፤ ያልወጡም አሉ። ስለዚህ የዚያ ዘመን የአዲስ አበባ ድምፅ በአንድ ሕንፃ ውስጥ ተሰብስቦ አልተቀመጠም። በየሰዉ ሳሎን ተበትኖ ነው ያለው። እናንተ ቤት ያለው ሸክላ ከቀሩት ጥቂቶች አንዱ ሊሆን ይችላል።

ከመንካታችሁ በፊት የያዛችሁትን እወቁ

አንድ ካርቶን ውስጥ ሁለት ዓይነት ሸክላ ተደባልቆ መገኘቱ የተለመደ ነው። አንደኛው ቪኒል ነው። ትንሿ፣ 17.5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላት፣ በደቂቃ 45 ዙር የምትዞረውና 30 ሴንቲ ሜትሩ፣ በደቂቃ 33 ከአንድ ሦስተኛ ዙር የሚዞረው የዚህ ወገን ናቸው። ሁለተኛው ከዚያ የቀደመው፣ በደቂቃ 78 ዙር የሚዞረው ነው። እሱ ሼላክ ከሚባል የነፍሳት ሙጫና ከድንጋይ ዱቄት የተሠራ ነው፤ ከባድና ድርቅ ያለ ነው፣ ከወደቀ ይሰበራል። ለመለየት ብላችሁ አታጉብጡት፤ መሃሉ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አንብቡ፣ በእጃችሁ ክብደቱን አመዛዝኑ።

አልፎ አልፎ ሦስተኛ ዓይነት ይገኛል፤ በተለይ ሬዲዮ ጣቢያ ወይም ቲያትር ቤት የሠራ ሰው ቤት። ከላይ ጥቁር ልባጥ፣ ከሥር ግን ብረት ነው። በቀዳዳው ወይም በጠርዙ በኩል አሉሚኒየም ካያችሁ፣ ወይም ጥቁሩ መሰነጣጠቅና መላጥ ከጀመረ፣ ምንም አታድርጉ። አትጥረጉት፣ አታጫውቱት። በወረቀት ከረጢት አቁማችሁ አስቀምጡና ባለሙያ ፈልጉ። የዚህ ዓይነቱ አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ቅጂ የለውም።

ማጽዳት

እጃችሁን በሳሙና ታጠቡና አድርቁ። ምሳ ከበላችሁ በኋላ ከሆነ ደግማችሁ ታጠቡ፤ የወጥ ቅባት በውሃ ብቻ አይለቅም። ሸክላው የሚያዘው በጠርዙና በመሃሉ ወረቀት ነው። ድምፁ የተቀረጸበትን ቦይ ጣት አይንካው፤ የጣት ወዝ አቧራ ይዞ ያስቀራል፣ ክረምት ሲመጣም ሻጋታው የሚነሣው ከዚያው ነው።

መጀመሪያ ደረቁን አቧራ አስወግዱ። ለዚህ የሚሠራ የካርቦን ፋይበር ብሩሽ አለ። ሸክላው እየዞረ ብሩሹን በስሱ አሳርፉ፤ ሁለት ሦስት ዙር ከሄደ በኋላ ወደ ዳር እየሳባችሁ አንሡት። ብሩሹ ከሌለ ለመነጽር መጥረጊያ የሚሆን አዲስ የማይክሮፋይበር ጨርቅ ይበቃል። አጠራረጉ የቦዩን ክብ ይከተል። ከመሃል ወደ ዳር ቀጥ አድርጎ መጥረግ የአሸዋውን ቅንጣት በመቶዎች በሚቆጠሩ የቦይ ግድግዳዎች ላይ መጎተት ነው።

በነጠላ ጫፍ አትጥረጉ፤ ክር ይተዋል። በሸሚዝ እጅጌም፣ በሶፍትም አትጥረጉ፤ ሶፍት ለእጅ ለስላሳ ቢመስልም ሸክላ ላይ ብናኙን ይተዋል፣ ይቧጭራልም። በአፋችሁ እፍ አትበሉ፣ ምራቅ ይረጫል።

አብዛኛው ሸክላ ከዚህ በላይ አያስፈልገውም። ይህን ደጋግሜ የምናገረው ሸክላ ከቆሻሻ ይልቅ በጽዳት ሲበላሽ ስላየሁ ነው።

ደረቁ መጥረግ ካልበቃ ወደ ውሃ እንሄዳለን። ውሃው የተጣራ፣ ማለትም ዲስትልድ፣ መሆን አለበት። የቧንቧ ውሃ ሲደርቅ ማዕድኑን ቦዩ ውስጥ ትቶ ይሄዳል፤ መርፌው ሲያልፍበትም ጠሽ ጠሽ ይላል። የታሸገ የመጠጥ ውሃም ማዕድን አለው፤ አምቦ ውሃማ ከነጨራሹ አይታሰብም። የተጣራ ውሃ የመኪና መለዋወጫ ሱቆችና ባትሪ የሚሞሉ ቤቶች ዘንድ ይገኛል።

እዚህ ላይ በጣም ተጠንቀቁ። ባትሪ ቤት የባትሪ አሲድም አለ፤ ተመሳሳይ ዕቃ ውስጥ ተቀምጦም ሊገኝ ይችላል። አሲዱ ሰልፈሪክ አሲድ ነው፤ ቆዳ ያቃጥላል፣ ዓይን ያጠፋል። ጽሑፉን ሳታነቡና ሻጩን አፍ አውጥታችሁ ሳትጠይቁ አትግዙ። ምልክት በሌለው ሃይላንድ ተቀድቶ የሚሰጣችሁን አትቀበሉ። ለዚህ ግዢ ልጅ አይላክም።

በአንድ ሊትር የተጣራ ውሃ ላይ ቀለምና ሽታ የሌለው ፈሳሽ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ሁለት ጠብታ ጨምሩ። ሁለት ጠብታ ማለት ሁለት ጠብታ ነው፤ የበዛ ሳሙና ራሱ ቆሻሻ ሆኖ ይቀራል። ጠረጴዛ ላይ ንጹሕ ፎጣ አንጥፉና ሸክላውን አጋድሙት። የመሃሉን ወረቀት በክብ ፕላስቲክ ክዳን ሸፍኑ፤ ውሃ ከነካው ቀለሙ ይለቃል፣ ወረቀቱም ያብጣል፤ የዘፋኙ ስም፣ የባንዱ ስምና የኅትመት ቁጥሩ ያሉት ደግሞ እዚያ ላይ ነው። የመጀመሪያውን ጨርቅ በሳሙናው ውሃ አርጥቡ እንጂ አታንጠባጥቡ፤ ክቡን ተከትላችሁ ጥረጉ። በሁለተኛው ጨርቅ፣ ሳሙና በሌለበት የተጣራ ውሃ፣ እንደገና ጥረጉ። በሦስተኛው ደረቅ ጨርቅ ውሃውን አንሡ። ከዚያ ሰሃን ማድረቂያ ላይ ጥላ ሥር አቁሙት። ቦዩ ውስጥ ያለው እርጥበት ለዓይን ሳይታይ ስለሚቆይ ጥቂት ሰዓታት ስጡት። በፀጉር ማድረቂያ አታድርቁ፤ ፀሐይ ላይ አታስጡ።

የታጠበን ሸክላ ወደ አሮጌው የውስጥ ከረጢት አትመልሱት፤ ያስወገዳችሁትን አቧራ መልሳችሁ ማልበስ ይሆናል። አዲስ ከረጢት ካልተገኘ ለስላሳና ንጹሕ ነጭ ወረቀት አጥፋችሁ ሥሩ። አሮጌው ከረጢት ጽሑፍ ወይም ማስታወቂያ ካለበት አትጣሉት፣ ለብቻው አስቀምጡት።

ስለ አልኮል ባለሙያዎቹም አይስማሙም። ለቪኒል ብቻ በተጣራ ውሃ ውስጥ ጥቂት አይሶፕሮፒል አልኮል የሚቀላቅሉ አሉ። በቤት ውስጥ ግን አትጠቀሙ ባይ ነኝ፤ ምክንያቴም አንድ ነው። ከላይ እንዳልኩት ቪኒሉና ሼላኩ አንድ ካርቶን ውስጥ ተደባልቀው ነው የሚኖሩት፤ አልኮል ደግሞ ሼላክን ያሟሟል። እንጨት ሠሪዎች የቤት ዕቃ የሚያብረቀርቁበትን ይህንኑ ሙጫ የሚያሟሙት በአልኮል ነው። አንድ ሰው ብርሃን በደከመበት ክፍል አንድ ጊዜ ቢሳሳት የሰባ ሰማንያ ዓመት ድምፅ በጨርቁ ላይ ይቀራል። ሳኒታይዘርም አልኮል ነው፤ ላዩ ላይም ሽቶና ማለስለሻ አለበት። የ78 ዙሩ ሸክላ በትንሹ በረጠበ ጨርቅ ተጠርጎ ወዲያው ይደርቃል፤ ውሃ ውስጥ አይዘፈዘፍም።

ሌሎቹን በአንድ አፍ ልጥራቸው፦ በረኪና፣ ኦሞ፣ አረቄ፣ ነጭ ጋዝ፣ ቤንዚን፣ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ፣ የመስታወት ማጽጃ፣ የምግብ ዘይት። አንዳቸውም ሸክላ አጠገብ አይድረሱ። ዘይት ቀብቶ «አበራሁት» የሚል ሰው ያጋጥማል፤ የሚያበራው ለአንድ ቀን ነው፣ ከዚያ በኋላ አቧራውን ሁሉ ይሰበስባል።

ሻጋታ ሌላ ነገር ነው። ነጭ ወይም ግራጫ ጭጋግ፣ አንዳንዴም ነቁጥ ሆኖ ይታያል፤ ክረምቱን እርጥብ ግድግዳ አጠገብ ያሳለፈ ካርቶን ውስጥ ይበዛል። ሳሎን ውስጥ አታራግፉት። አስም ያለበት ሰው አይንካው። ማስክና ጓንት አድርጋችሁ ውጭ አውጡት፤ ከጤነኞቹ ለዩት፤ የጠረጋችሁበትን ጨርቅም በሌላ ሸክላ ላይ አትድገሙት።

ድምፀ ዝግ ሙዚቃ የበለጠ ትዕግሥት ይጠይቃል። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ እ.ኤ.አ. በ1967 ጀርመን ያሳተሙት ዓይነት የብቻ ፒያኖ ላይ አንዲት የአቧራ ቅንጣት በሁለት ኖታ መካከል ጎልታ ትሰማለች፤ የነሐስ መሣሪያና ከበሮ በሞላው ዘፈን ግን ያቺው ቅንጣት ተሸፍና ታልፋለች። ጊዜያችሁ ውስን ከሆነ ከድምፀ ዝጎቹ ጀምሩ።

መርፌውና ማጫወቻው

ንጹሕ ሸክላ በተበላሸ መርፌ ከተጫወተ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው። የአልማዝ መርፌ በአማካይ ከ500 እስከ 1000 ሰዓት ያገለግላል። በድሮዎቹ በእጅ የሚንጠለጠሉ ማጫወቻዎች ላይ የሚገኘው የሰንፔር መርፌ ከዚያ በብዙ እጅ ቀድሞ ያልቃል። ለዓመታት ተቀምጦ የቆየ ማጫወቻ ስታወጡ መጀመሪያ መርፌውን ቀይሩ፣ ከዚያ ነው የአባታችሁን ሸክላ የምታስቀምጡበት። መርፌው ላይ የተጠቀለለውን አቧራ በጣት አትቆንጥጡ፤ በለስላሳ ብሩሽ ከኋላ ወደ ፊት ብቻ ጥረጉ።

ዘፈኑ ሲዘል ሳንቲም እጀታው ላይ ማስቀመጥ ድሮ የተለመደ ነበር። አታድርጉት። አሁን ያሉት መርፌዎች በአብዛኛው ከ1.5 እስከ 2.5 ግራም በሚሆን ጫና እንዲሠሩ የታሰቡ ናቸው፤ አንድ ሳንቲም ይህን ብዙ እጥፍ ያደርገዋል። መዝለሉ ከአቧራ፣ ከጭረት ወይም ካልተስተካከለ ጠረጴዛ ነው የሚመጣው። ምክንያቱን ፈልጉ።

በእጅ በሚጠመዘዘው፣ ትልቅ ቀንድ ባለው ግራሞፎን ላይ የቪኒል ሸክላ በፍጹም አታስቀምጡ። በየሆቴሉና በየካፌው ለጌጥ የቆሙት ግራሞፎኖች የብረት መርፌ ያላቸው ናቸው፤ ጭንቅላታቸውም ከባድ ነው፤ የቪኒሉን ቦይ እንደ ማረሻ ይገለብጡታል። በእንግዳ ፊት ለማሳየት ተብሎ አንድ ጊዜ መጫወቱ ለመበላሸት ይበቃዋል። በተቃራኒው ደግሞ 78ቱን በቪኒል መርፌ አታጫውቱ፤ ቦዩ ሰፊ ስለሆነ የራሱን ወፍራም መርፌ ይፈልጋል።

መብራት ሲጠፋ እጀታውን ወዲያው አንሡ፤ ሶኬቱንም ንቀሉ። መብራቱ ሲመለስ የሚመጣው ኃይል ያረጀ ሞተርና ማጉያ ሊያቃጥል ይችላል።

ቡና፣ ዕጣንና ሸክላ

ከዘመን መለወጫ ጠዋት ቡናና ከሸክላ ዘፈን የበለጠ የሚስማማ ነገር አላውቅም፤ ስለዚህ ተለያይተው ይኑሩ አልልም። ግን ቡናው ሲቆላ ጭሱ ቅባት አለው፤ ዕጣኑም ሙጫ ነው፤ ሲጨስ ወጥቶ የሚያርፈው ባገኘው ገጽ ላይ ሁሉ ነው። ሸክላ ላይ ሲያርፍ አቧራን ያጣብቃል፤ ይህን ዓይነቱን ደረቅ ብሩሽ አያነሣውም። ቡናው ተቆልቶ፣ ዕጣኑም ጢሱ እስኪቀንስ ድረስ የማጫወቻው ክዳን ይዘጋ፤ ሸክላዎቹ ከነከረጢታቸው ይቆዩ። መስኮት ከተከፈተ በኋላ ሙዚቃው ይጀመር። ሲኒና ብርጭቆ ማጫወቻው ላይ አይቀመጥም።

አቀማመጥ

ሸክላ የሚቀመጠው ቀጥ ብሎ ቆሞ ነው፣ እንደ መጽሐፍ። ተጋድሞ ከተደራረበ የታችኛው የላይኛውን ሁሉ ይሸከማል፤ ይጎብጣል፣ ሽፋኑም ላይ የክብ ምልክት ይወጣል። አዘንብሎ መቆምም ያጎብጣል፤ በጣም ሳይጨናነቁ ተደጋግፈው ይቁሙ። ሠላሳ አርባ ትልልቅ ሸክላ ከነሽፋኑ ወደ ዐሥር ኪሎ እንደሚጠጋ አስባችሁ መደርደሪያውን አጠንክሩ።

ከወለል ከፍ አድርጉ፤ ምስጥና አይጥ ከሽፋኑ ነው የሚጀምሩት። ከጣሪያ ሥር ቁምሳጥን ላይም አታስቀምጡ፤ ክረምት ሲያፈስ መጀመሪያ የሚያገኘው እሱን ነው። በፌስታል ጠቅልላችሁ አትሰሩ፤ እርጥበቱን አብራችሁ ትዘጉበታላችሁ። ለስላሳና ከባድ ሽታ ያለው ፕላስቲክ ሽፋን ደግሞ ከጊዜ በኋላ ቪኒሉ ላይ ጭጋግ ይተዋል፤ እሱን አውልቁ።

ሙቀት ከሁሉ የከፋው ጠላት ነው። ቪኒል 60 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ሲደርስ ይለሰልሳል፤ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ ወደዚያ መድረስ ሩቅ አይደለም፤ ድሬዳዋም ሆነ ዱባይ ለምትኖሩ ደግሞ ይበልጥ ቅርብ ነው። ሸክላ ገዝታችሁ ወይም ተረክባችሁ ከሆነ በቀጥታ ወደ ቤት ሂዱ። በአውሮፕላን የምትወስዱ በእጅ ሻንጣ ያዙት። የጎበጠውን በካውያ፣ በምድጃ ወይም በፀሐይ ለማቅናት አትሞክሩ። ትንሽ የጎበጠ ብዙ ጊዜ ይጫወታል፤ የቀለጠ ቦይ ግን አይመለስም።

የተሰበረውን 78 አትጣሉ፣ በሙጫም አታጣብቁ። ስብርባሪውን እርስ በርሱ እንዳይፋጭ በየወረቀቱ ለዩና ጠፍጣፋ ሣጥን ውስጥ አጋድሙ። ከስብርባሪ ድምፅ የሚያወጡ ባለሙያዎች በዓለም ላይ አሉ።

መቅዳት፣ መሸጥ፣ መስጠት

ሸክላው ጸድቶ፣ መርፌው ተቀይሮ ከተዘጋጀ አንድ ጊዜ በደንብ ቅዱት። ከማጫወቻው የሚወጣው ድምፅ በፎኖ ማጉያ ማለፍ አለበት፤ ሲታተም ወፍራሙ ድምፅ ተቀንሶ፣ ቀጭኑ ደግሞ ጎልቶ ስለሚቀረጽ ማጉያው ካልመለሰው ስስ ሆኖ ይሰማል። ወደ ኮምፒዩተር ስታስገቡ በዌቭ ፋይል፣ በ24 ቢትና በ96 ኪሎ ኸርዝ ቅዱ። ኦዳሲቲ የተባለው ነጻ ፕሮግራም ይበቃል። ኤምፒ3 ለስልካችሁ ነው እንጂ ለማስቀመጫ አይሆንም። ጠሽታውን በፕሮግራም ያጠፋችሁትን ቅጂ ብቻ አታስቀሩ፤ ያልተነካውም ይኑር፤ ሁለቱንም በሁለት የተለያየ ቦታ አኑሩ።

ለራስ መስሚያ መቅዳት አንድ ነገር ነው፣ ዩቲዩብ ላይ መጫን ሌላ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ። ከዘፋኞቹና ከአሳታሚዎቹ ብዙዎቹ ወይም ልጆቻቸው ዛሬም በሕይወት ያሉ፣ ከዚህ ሥራ የሚገባቸውን ያላገኙ ሰዎች ናቸው። ፈቃድ ጠይቁ።

ሸክላ ለመሸጥ ነጻ ናችሁ። ዋጋውን ሳታውቁ ግን አትሽጡ። ኃይሉ መርጊያና ዋልያስ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1977 በካይፋ ያወጡት «ቼ በለው» ዓይነት የመጀመሪያ ኅትመት በውጭ ሰብሳቢዎች ዘንድ ተፈላጊ ነው፤ ካርቶኑን እንዳለ በጅምላ የሚጠይቃችሁ ሰው ይህን ያውቃል። ከመሸጣችሁ በፊት ቅዱ፤ የሁለቱንም ገጽ ወረቀትና ሽፋኑን ፎቶ አንሡ። ለልዋጭና ለቁራሌው ግን በጭራሽ አትስጡ። የሚይዘው ቤተሰብ ከጠፋ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምን፣ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትን ወይም ብሔራዊ ቤተ መዛግብትን ጠይቁ፤ ስትሰጡም የርክክብ ሰነድ ጠይቃችሁ ተቀበሉ።

ለየሸክላው አንድ ወረቀት አዘጋጁ። የዘፋኙን ስም፣ በሸክላው መሃል ወረቀት ላይ ከተጻፈ የባንዱን ስም፣ የአሳታሚውን ስምና ቁጥሩን ጻፉበት፤ በእናንተ ቤት ማን እንደገዛው፣ የት ሱቅ እንደተገዛ፣ ለማን ሠርግ እንደተጫወተም ጨምሩ። ይህን የሚያውቁት ትልልቆቹ ናቸውና ዛሬ ጠይቋቸው። ሽፋኑ ላይ ያለውን የሱቅ ማኅተም ወይም በእስክሪብቶ የተጻፈ የባለቤት ስም እንደ ቆሻሻ አትፋቁ፤ ሸክላው በየትኛው እጅ እንዳለፈ የሚናገረው እሱ ነው። የእናንተን ወረቀት በእርሳስ ጻፉና ሽፋኑ ውስጥ ሳይሆን ከጎኑ፣ በተለየ ፖስታ አኑሩት።